ጋዙ እስኪጠፋ

በመንደሩ የቢምረውን ሞት ያልሰማች እናቱ ተዋበች ብቻ ነበረች።

ልጁ ወደ ሳዑዲ ሲሻገር ድንበር ላይ መውደቁን አብሮት የሄደ ጓደኛው ደውሎ ተናገረ። ስልኩን ያነሣው የተዋበች ታናሽ ወንድም ቄስ ኪዳኑ ነበር። በዚያው ሰሞን የተዋበች ቀኝ ዓይን ጨለመ። ግራውን በወጣትነቷ እሾህ ወስዶባታል። ሌላ ዓይን የላትም።

ሽማግሌዎች ተመካከሩ። መርዶ የሚነገረው በቤት፣ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ተነግሯት ሐዘን ከተቀመጠች ደግሞ ከደጇ የሚያስወጣት የለም። ዓይኗ ይቅደም ተባለ። ኪዳኑ ከደሃና ወደ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣም ዝቅ ብሎ ወዳለው ከተማ ሆስፒታል ይዟት ወረደ።

ዶክተር ምስራቅ ዓይኑን በብርሃን መረመረች።

"ሬቲናው ለቋል። የዓይንን ጀርባ ከውስጥ የሚሸፍን ስስ ነገር ነው። የምናየው በእሱ ነው።"

"እንደ ምርጊት?" አለች ተዋበች። ቤቷን የመረገችው ራሷ ናት።

"እንደ ምርጊት። ቀዳዳውን እዘጋለሁ። እስኪጣበቅ ከውስጥ ደግፎ እንዲይዘው ደግሞ ወይ አየር፣ ወይ ጋዝ እሞላለሁ። የት ነው የሚኖሩት?"

"ሰቆጣ" አለ ኪዳኑ፣ ከዚያ አገር የመጣ ሁሉ ለከተማ ሰው እንደሚመልሰው።

"ሰቆጣ ከተማው?"

"አይ፣ ደሃና። ደጋው ላይ።"

ዶክተሯ ወንበሯን አስጠጋች።

"እንግዲያው ልብ ብለው ይስሙኝ፣ እማማ። አየሩ በሳምንት፣ ቢበዛ በዐሥር ቀን ይጠፋል። ከዚያ ቤትዎ ይገባሉ። ጋዙ እስከ ሁለት ወር ይቆያል። እሱ እያለ ደጋ መውጣት የለም። ከፍታ ላይ ያብጥና ዓይኑን ያጠፋዋል። በአየርም ብዙ ሰው ይድናል። የእርስዎ ቀዳዳ ግን ከታች በኩል ስለሆነ ረጅም የሚቆየው ጋዝ ይሻላል እላለሁ። እርግጠኛ ነኝ አልልም። በሁለቱም ቢሆን ቀናትን አቀርቅረው ነው የሚያሳልፉት።"

"ቄሱ እሱ፣ ሰጋጇ እኔ!"

ዶክተሯ ሳቀች። ኪዳኑ አልሳቀም። በአየር ከሆነ እህቱ ለልጇ አርባ ትደርሳለች። በጋዝ ከሆነ አትደርስም።

ኮሪደሩ ላይ የቢምረውን ሞት ለዶክተሯ ነገራት።

"ይህን ሳታውቅ መምረጧ ይከብደኛል" አለች።

"እዚህ ይነገራት? ከማን ጋር ታልቅስ?"

"ስለ ዓይኗ የማውቀውን ነግሬያታለሁ። ስለ ልጇ መንገር የእርስዎ ነው፣ አባ።"

ተመልሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"እታለም፣ አየሩ ይሁን። ቶሎ እንገባለን። ገብሱም ደርሷል።"

"ምርጊት ሳይደርቅ እጅህን ታነሣለህ እንዴ? ገብሱን ጎረቤት ያጭደዋል።" በእጇ ፈልጋ ክንዱን ያዘች። "ቢምረው ሲመጣ በድምፁ ብቻ ልለየው? ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ። ጋዙ ይሁን በላት።"

ኪዳኑ ወጥቶ ለዶክተሯ ጋዙ ይሁን ብላለች አላት።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ በአንድ የአገራቸው ሰው ቤት አረፉ። ተዋበች እንደታዘዘችው አቀርቅራ ሰነበተች። በየማለዳው የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር።

"ቢምረው ደወለ?"

"ኔትወርክ የለም።"

"የእናንተ ኔትወርክ እንደ እኔ ዓይን ነው።"

የአርባው ዕለት ኪዳኑ ላስቀድስ ብሎ ወጣ። የልጁን ስም አስጠርቶ፣ ደጀ ሰላም ለተቀመጡት ዳቦ አካፍሎ ተመለሰ።

"ለእኔም ጸለይህ?" አለች።

"ለሁላችንም።"

መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ሆና የምታይ መሰላት። ቀስ በቀስ በዓይኗ ውስጥ አንድ መስመር፣ የጋዙ ጠርዝ፣ ታያት። ከመስመሩ በላይ ጠራ፣ ከታች ግን ይንቀጠቀጣል። መስመሩ እየወረደ ሲሄድ መጀመሪያ የኪዳኑ ጥምጣም፣ ቀጥሎ ግንባሩ ታየ።

"አረጀህ!" አለችው።

በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ድቡልቡል ነገር ከታች ቀረች። እሷም ጠፋች። ዶክተር ምስራቅ አይታ፣ ይዟል፣ አሁን ደጋ መውጣት ይችላሉ አለች።

ኪዳኑ ወደ መንደር ደወለ። ሲገቡ ማንም የሐዘን ልብስ እንዳይለብስ፣ መርዶው በማግሥቱ ማለዳ እንዲሆን ተስማሙ። ከወረዳቸው ከተማ ከአምደወርቅ ከመኪና ወርደው በእግር ወጡ። እጇን ይዞ ይመራታል።

ከሸለቆው ማዶ የተዋበች ቤት ታየ። ለተሥላሴ የተባለችው ጎረቤቷ ደጁ ላይ ቆማለች። አይታቸዋለች፣ አልተደበቀችም። ተዋበች ከዚያ ርቀት ታያለች ብሎ በመንደሩ ያሰበ አልነበረም።

ተዋበች ቆመች።

"ለተሥላሴ ነጠላዋን ለምን አዘቀዘቀች?"

ኪዳኑ እጇን ሳብ አደረገ።

"በእኔ ደጅ፣ ነጠላ አዘቅዝቃ! ማን ሞተ?" ዞራ አየችው። ፊቱን በሙሉ አየችው። "ቢምረው ነው?"

ነገ ማለዳ፣ ዘመድ ባለበት ሊነገር የነበረውን ኪዳኑ መንገድ ላይ ነገራት።

መሬት ላይ ተቀመጠች። ማዶ ያለችው ለተሥላሴ ነገሩ ገብቷት ሰው ልትጠራ ሮጠች።

"መቼ ሰማህ?"

"ሆስፒታል ሳንገባ።"

"ጋዙ ይሁን ስል ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"አየሩን ብል ለአርባው እደርስ ነበር።"

"ትደርሺ ነበር።"

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ራሷ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ኪዳኑ ሊመራት እጁን ዘረጋ። አልያዘችውም። መንገዱ ይታያታል። ቀድማው ወደ ለቅሶው ሄደች።