ቦርሳሽን ክፈቺ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈርተኛው «እሜቴ» ይላታል፤ ነገር አታሳልፍም ለማለት ነው። ባሏማ «አንቺ ከጥላሽም ጋር ትሟገቻለሽ» እያለ ይቀልድባታል። እውነቱን ለመናገር ሙግቱ እሷንም አንገሽግሿታል። ነጮች በሚበዙበት በዚያ ከተማ ጨርቅ ልትገዛ በገባችበት ሁሉ ጥበቃው እንደ ጭራ ይከተላታል፤ ሻጮቹም ዋጋ ሳትጠይቃቸው «እሱ ውድ ነው» ይሏታል። ነጮቹ ደንበኞች ግን ያሻቸውን ሲያገላብጡ ቢውሉ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። «ትዕግሥት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ» ያለው ሰው፣ ትላለች እሜቴ፣ ጥቁር ሆኖ ጨርቅ ገዝቶ አያውቅም።

ያን ቀን ግን ጠብ አልፈለገችም። ታናሽ እህቷ ልታገባ ነው፤ የሙሽራ ቀሚሷን በገዛ እጇ ልትሰፋላት ቃል ገብታለች። ልጅቷ ካየችው ጨርቅ ሁሉ አንዱን ብቻ ወደደች፤ እሱም የሚገኘው አንድ ሱቅ ውስጥ ብቻ ነው። «አንቺ ሂጂልኝ እትዬ፣ እኔ አይመቸኝም» ስትላት ለምን እንኳ ሳትል ሄደች።

ጥበቃው ከበሩ ጀምሮ ተለጠፈባት። ስትቆም ይቆማል፣ ስትዞር ይዞራል። በመጨረሻ የፈለገችውን ጥቅል ጨርቅ ከመደርደሪያው ጎትታ ክንዱ ላይ ጣል አደረገችበት።

«መቼም መከተልህ ካልቀረ ያዝልኝ።»

ሰውየው ግራ ገብቶት እስከ መቁረጫው ጠረጴዛ ድረስ ተሸከመላት። እሜቴ በሆዷ ሳቀች።

ሻጯ ለክታ ቆረጠች። ልትከፍል ስትል ጥበቃው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቦርሳሽን ክፈቺ።»

አጠገባቸው ሻንጣ የሚያህል ቦርሳ ያነገተች ነጭ ሴትዮ ነበረች። እሷን «እርስዎ ይለፉ» አላት፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎ።

«የእሷስ ቦርሳ?» አለች እሜቴ።

«የቤቱ ደንብ ነው።»

«ደንቡ እሷን አያውቃትም?»

«ኧረ ክፈቺለትና ተገላገይ!» አለች ሻጯ። «ጨርቁ እኮ ተቆርጧል።»

እሜቴ የእህቷን ፊት አሰበች። እጇ ዚፑ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ደሟ ፈላ።

«እንግዲያው እናንተው ልበሱት!» ብላ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

መንገዱን ሁሉ ስትነጫነጭ ቤት ደረሰች። እህቷ የእሜቴን ባዶ እጅ አየች። እሜቴ የሆነውን ሁሉ እየጮኸች ነገረቻት፤ ልጅቷ ግን ምንም አልገረማት።

«እኔንም እንደዚያ ብለውኛል» አለች። «ባለፈው ልመርጥ የሄድኩ ጊዜ።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ከፈትኩላቸው። ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አስወጡኝ፣ ሰው እያየ።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ ቀረሽ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«ብነግርሽ አትሄጂልኝማ። ጨርቁን ደግሞ በጣም ወድጄው ነበር፣ እትዬ።»