ከባለቤቴ ጋር የተጋደመው ስልክ

ባለቤቴ የግራ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ የምትተኛው በቀኝ ጎኗ ብቻ ነው። ሐኪሙና ወጌሻው በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁም፣ በዚህ ግን ተስማሙ፤ አጥንቱ እስኪገጥም አትቀመጥ፣ በጀርባዋም አትንጋለል አሉ። እኔ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ማሽላ አራሽ ነኝ። ሰው ግትር ይለኛል። ይበለኝ።

ሴት ልጃችን ጅዳ ነው ያለችው። እዚያው አግብታ፣ እናቷ በወደቀች በወሩ ወንድ ልጅ ወለደች። የመጀመሪያ የልጅ ልጃችን ነው። ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ በምስል ትደውላለች። እዚህ ላይ ነው ጣጣው የመጣው። ስልኩን አቁሜ ስይዝላት፣ በጎኗ ለተኛች ሴት የልጇ ፊት በአግድም ይታያታል፤ ከግድግዳ ላይ የበቀለች ትመስላለች። እንግዲያው ስልኩም እንደሷ ይጋደም ብዬ ሳጋድመው፣ ምስሉ በውስጡ ተንከባሎ ተመልሶ ቀጥ ይላል። ለኔ ለቆምኩት ቀና፣ ለሷ ያው ጠማማ።

በእኛ ዘመድ ልማድ ልጅ ሲወለድ ማንን እንደሚመስል ቀድማ የምትናገር የእናቱ እናት ናት። እሷ ሳትናገር ሌላው አፉን ይይዛል። ልጃችንም ባደባባይ አትጠይቅ እንጂ ያንን ስትጠብቅ ነበር። በሦስተኛው ጁምዓ ባለቤቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«ደህና ነች በላት» አለችኝ። «እኔ አላይም። ያዞረኛል። ማንን እንደሚመስል ሳላውቅ ልሙት መሰለኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሾርባውንም ገፋችው። ይሄ ነው ያስፈራኝ፤ አጥንቱስ ይገጥማል።

መጀመሪያ በራሴ ብልሃት ሞከርኩ። በሬ የማይታዘዝ ሲሆን ይጠመዳል። ከጠፍር አልጋችን የተረፈ ጠፍር በውሃ አርሼ፣ ስልኩን ከአልጋው ፊት ባቆምኩት እንጨት ላይ በአግድሙ ጠፍሬ አሰርኩት። ወዴት ይዞራል ብዬ። ስልኩ እውነትም ንቅንቅ አላለም። ምስሉ ግን ውስጥ ሆኖ ዞረ። ባለቤቴ በዚያ ሁሉ ሕመሟ ሳቀችብኝ፤ ጥላውን የሚያስር ሰው አየሁ አለች።

ቅዳሜ ጠፍሩን ፈትቼ ቆቦ ሄድኩ። ገበያው አጠገብ ስልክ የሚጠገንበት አንድ ሱቅ አለ። የሱቁ ባለቤት የወንድሙ ልጅ ኮምፒውተር ተምራ መጥታ እዚያ ትሠራለች። ነገሩን ስነግራት፣ ማዞሪያው ይዘጋል እኮ ብላ አንዲት ምልክት ነካችልኝ። እሱንማ የሰፈር ልጆች ዘግተውልኛል፤ ሌላው ሁሉ ይታዘዛል፣ ያ በምስል የሚደወልበት ግን ዝጋ ቢሉት አይሰማም አልኳት። አላመነችኝም። ስለዚህ የደንበኛ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ ባለቤቴ በቀኝ ጎኔ ተጋደምኩ፣ ስልኩንም አጠገቤ አጋደምኩት፣ ደውዪልኝ አልኳት። ከበሩ የቆመ ባለ ባጃጅ፣ እኚህ ሰውዬ ስልክ ሊያስጠግኑ ነው ወይስ ሊታከሙ የመጡት ብሎ አሳቀብኝ። አልተነሣሁም። ደወለች። ምስሉ ዞረ።

ልጅቱ ሳቋን ተወችና ቁጢጥ ብላ አንገቷን ወደኔ አዘነበለች።

«አባባ፣ የሠሩት ሰዎች የሚያይ ሰው ሁሉ ቆሞ ወይ ተቀምጦ ነው የሚያይ ብለው ነው» አለችኝ። «የተኛ ሰው አልታሰባቸውም።»

«አንቺ አስቢላቸዋ፣ ልጄ።»

ስልኩን አንስታ አገላበጠችው። ኋላ፣ ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚታዘዝላት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም እጽፋለሁ፣ የሚደወልበትንም ቢሆን በግድ ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ ብትለኝ እዚሁ እቀመጣለሁ አልኩ። እሷ ስትጽፍ እኔ አጠገቧ ስጠብቅ ዋልኩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው፤ የምትጽፈውን አላውቀውም። ሥራውን ግን አወቅኩት። በእኛ አገር ክረምት ከተራራው ጎርፍ ይወርዳል። የጎርፍ ልማዱ ቁልቁል ነው። ማሽላህ ከጎን ከሆነ አፈር ቆልለህ፣ ቅጠል ደልድለህ፣ በግድ ታዞረዋለህ። አንዴ ይጥስሃል፣ መልሰህ ትከትራለህ። የሷም ሁለት ጊዜ ጣሰባት። በሦስተኛው ስልኩን ባጋድመው፣ ባቆመው፣ ብዘቀዝቀው፣ ምስሉ ከስልኩ ጋር ሄደ እንጂ ውስጡን አልዞረም። ጥቅምት ነበርና በማግስቱ የማሽላ እሸት ጭኜ ወሰድኩላት።

ጁምዓ ስልኩን በዚያው ጠፍር በዚያው እንጨት ላይ በአግድሙ አሰርኩት። ባለቤቴ ደግሞ ጀመርክ አለችኝ። ልጃችን ደወለች። እኔ ቆሜ የማየው የተጋደመች ልጅ ነው፣ የተጋደመ ሕፃን ታቅፋለች። አልሆነም ብዬ እጄን ወደ ጠፍሩ ስሰድ ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተው፣ አትንካው» አለችኝ። «ቀና ብላለች።»

ሕፃኑን ደጋግማ አየችው። ልጃችንም ወዲያ ማዶ ሕፃኑን ወደ ስልኩ አስጠግታ ያዘችው። ባለቤቴ ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል ና ተጋደም አለችኝ። በሩ ክፍት ነው፣ ቀን ነው፣ ጎረቤት ይገባል አልኳት።

«ይግባ። አንተ ቆመህ አታየውም።»

ቡሉኮውን ገፋ አድርጌ ከኋላዋ በቀኝ ጎኔ ጋደም አልኩ፣ በትከሻዋ ላይ አሻግሬ አየሁ። ጠማማው ሁሉ ቀና። ግንባሩን ሸብሽቦ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ማንም ምንም እንዳይለው የሚል ፊት።

«አገጩን ተመልከት» አለች ባለቤቴ። «ልጄ፣ አባትሽን ነው የወለድሽ። አላህ ያሳድገው። ለሱም የሚችለው ሰው ይስጠው።»

ልጃችን ሳቀችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ኋላ ስልኩ ተዘጋና ጠቆረ። ባለቤቴ ሾርባውን አምጣ አለችኝ። እሺ አልኳት፤ ግን ወዲያው አልተነሣሁም። በወደቀች ጊዜ እንዳላሳምማት ብዬ መሬት ላይ መተኛት ከጀመርኩ ወዲህ፣ ከዚያ አልጋ ላይ ጎኔን ሳሳርፍ የመጀመሪያዬ ነበር።