ፊታቸው የሚናገር ሰዎች

የወንድሜ የአንማው ሠልስት ዕለት፣ ቢቸና ቤቱ ውስጥ ሰው ሊያስተዛዝን ግጥም ብሎ ተቀምጦ ሳለ፣ ከልጆቹ አንዱ ጓዳ ያለውን ቴሌቪዥን ድምፁን አጥፍቶ ከፈተው። በበሩ ክፍተት ጥቁርና ነጭ የድሮ የአሜሪካ ፊልም ይታየኛል፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ሰው ጥርሱን ነክሶ መስኮት መስኮቱን ያያል። አወቅኩት። እውነተኛ ስሙን ያኔም አላውቀው፣ ዛሬም አላውቀው፤ እኔና ወንድሜ ግን «መንጋጋው» ነበር የምንለው። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይውጣልሽ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም፤ ውስጤ ሰው ለቆት እንደ ሄደ ቤት ጭው ብሎ ነበር።

እናታችን ስታርፍ እኔ አሥራ አንድ፣ አንማው አሥራ ሰባት ዓመታችን ነበር። አባታችን የቅኔ መምህር ነበሩና ከተማሪ በቀር ሰው በማይገባበት ቤት ሁለት ልጅ ማሳደግ ሲያቅታቸው ሞጣ ወዳለችው አክስታችን ላኩን። እዚያ፣ ገበያው አጠገብ፣ ጋሼ ኑሩ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ከሱቁ ጀርባ ባለች የጭቃ ቤት ቪዲዮ ያሳይ ነበር። ሌላው ቀን የህንድና የካራቴ ፊልም ስለሆነ ሰው በመስኮት እስከ መንጠልጠል ይደርሳል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ጋሼ ኑሩ ራሱ የሚወደውን፣ ጥቁርና ነጩን ያስገባል፤ ያን ቀን የምንገኘው እኔና አንማው፣ አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ አልፎ አልፎም ዝናብ መጠለያ ያሳጣው መንገደኛ ነን። ቤቷ አዲስ አቡጀዲ፣ እርጥብ አፈርና የጋለ ማጫወቻ ትሸታለች።

ጋሼ ኑሩ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ያስተረጉማል። እንግሊዝኛውን የት እንደተማረው አልነገረንም፤ እውነቱን ለመናገር ስለመማሩም እርግጠኛ አይደለሁም። በሱ ትርጉም የአሜሪካ ፖሊስ «ወላሂ እኔ አልገደልኩም» እያለ ይምላል፣ ፀጉሯን የተተኮሰች ወይዘሮም ባሏን «አንተ የቁም እዳ» ትለዋለች። ዋናው ሰው ዝም ሲል ግን ጋሼ ኑሩም ዝም ይላል። እጁን ያነሳና «ጸጥ! አሁን ነው የሚናገረው» ይለናል።

እውነትም የፊልሞቹ ሰዎች በፊታቸው ይናገሩ ነበር። መንጋጋው ሲቆጣ ድምፁ ከፍ አይልም፣ ይወርዳል፤ ከጆሮው ሥር ያለችው ሥጋ ብቻ ትንቀሳቀሳለች፣ እኛም ትንፋሻችንን እንውጣለን። ሌላው፣ «እንቅልፍ አጡ» ያልነው ወጣት፣ ከንፈሩ እሺ እያለ እጁ የያዘውን ብርጭቆ ሊሰብር ይደርሳል፤ ክፍሉ የጠበበው ይመስል ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። እኔ የእንቅልፍ አጡ ወዳጅ ነበርኩ። አንማው ግን ከመንጋጋው ሌላ ሰው አይታየውም።

አንድ ሐሙስ አባታችን ሳናስበው ከቢቸና መጡ። ሰው ነግሯቸው ኖሯል። ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ፣ ጭራቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ሲቆሙ ሁላችንም ተነሳን፤ ጋሼ ኑሩም ሊያጠፋ እጁን ሰደደ። «ተወው፣ ይጨርስ» አሉና አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። መንጋጋው ያን ጊዜ ልጁ መሞቱን የሚነግር ደብዳቤ ደርሶት ነበር። አነበበው፣ ኪሱ ከተተው፣ አጠገቡ ያለውን ሰው ስለ ሥራ ጠየቀው። ሌላ ምንም አላደረገም። አባታችን እስከ መጨረሻው አልተንቀሳቀሱም። ውጭ ስንወጣ አለንጋ ስንጠብቅ «ሰሙን በአፉ ተናገረ፣ ወርቁን በፊቱ። ይኼን ሰው ማን አስተማረው?» አሉ። ከዚያ በኋላ እኅታቸውን ሊጠይቁ እያሉ ሁለት ጊዜ መጥተዋል፤ ሁለቱም ቀን ሐሙስ ነበር።

አንማው ያን ፊት ከዚያ ቤት ይዞት ወጣ። መጀመሪያ በመስታወት ይለማመደው ነበር፣ እኔም እስቅበት ነበር፤ እየቆየ የራሱ ፊት ሆነ። አባታችን ያረፉ ቀን ሰው ሁሉ ደረቱን ሲመታ እሱ ጥርሱን ነክሶ መቃብሩ አፍ ላይ ቆመ። አንዳንዱ «ልቡ ደረቅ ነው» ብሎ አማው። እኔ ግን እንዴት እንደኮራሁበት! ካየናቸው ሁሉ ይበልጣል አልኩ። ቢቸና ተመልሶ አስተማሪ ሆነ፣ አገባ፣ ወለደ፤ ደስታም መከራም ሲነግሩት አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ሥራው ላይ የሚመለስ ሰው ሆኖ ኖረ።

ከወንድሜ ቀብር በኋላ ባለቤቱ ነገረችኝ። ሐኪም በሽታውን የነገረው ጥር ላይ ነበር። እሷ ያወቀችው ከፋሲካ በኋላ፣ አልጋ ላይ ሲወድቅ ነው። «አንድ ቀን እንኳ ህመም አላለኝም» አለችኝ፤ እሷም አታለቅስም ነበር።

በዐቢይ ጾም እኔ ከሞጣ ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ሽሮና ጎመን ቀርቦልን አብረን በላን፣ እሱ ብዙም አልጎረሰም። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶት ነበር። «ከሳህ እኮ» አልኩት። «ጾም አይደል እንዴ» አለኝ። እኔም አመንኩት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስለ ትልቋ ልጄ ፈተና፣ ስለ ቤታችን ጣሪያ፣ ስለ ጎረቤቴ ክርክር አወራሁት፤ እሱም አንዱንም ሳያስቀር፣ መጨረሻው ምን ሆነ እያለ ጠየቀኝ።