በነጠላዬ የታሰሩት ተከራካሪዎች

ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመርኩ ቀን የክፍሉ ኃላፊ ቁልፍና ጠመኔ ሰጡኝና «የምታስተምሪው ክርክር ነው፤ ጩኸት ግን አልፈልግም» አሉኝ። እሺ አልኩ። የአራዳ ልጅ ያለ ጩኸት መከራከርን ከየት ያመጣዋል!

ትምህርቱ ሕዝባዊ ንቅናቄዎችና የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች እንዴት እንደሚናገሩ መመርመር ነው። መፈክር፣ አቤቱታ፣ የራዲዮ ሙግት እየፈታታን እናያለን። ተማሪዎቼ ወረቀት ላይ ጎበዞች ናቸው። ለክርክር ሲቆሙ ግን አንዱ ሲናገር ሌላው መልሱን ያሰላስላል እንጂ የሚሰማ የለም።

ስለዚህ ቁራኛን አመጣሁ። በድሮ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው እርስ በርስ ተቋጥሮ ነበር ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት። እኔም የሁለት ተከራካሪዎችን እጅ በነጠላዬ ጫፍና ጫፍ አስራለሁ። የባላጋራውን ሐሳብ፣ ባለቤቱ «አዎ፣ ይኸው ነው» እስኪል ያልደገመ አይፈታም።

አንድ ቀን ተራው የሕይወትና የዘይነባ ሆነ። ሕይወት የወንዝ ጽዳት ዘመቻ መሪ ናት። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ያለ አንድ ክር ማቅለሚያ እንዲዘጋ አቤቱታ ጽፋ፣ በማግስቱ ወረዳ ልታስገባ ነው። የማቅለሚያው ባለቤት የዘይነባ አባት ናቸው፤ ቤተሰቡ ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

«ወንዙ ቢበከል ግድ የለንም ነው የምትይው» አለች ሕይወት።

«ወላሂ አላልኩም! አንቺ ነሽ ብንራብ ግድ የማይሰጥሽ!»

«ኧረ በማርያም! መቼ ወጣኝ?»

ሰዓቱ አለቀ። «ቲቸር፣ ፍቺን» አሉኝ። ደንብ ደንብ ነው አልኩ። ዘይነባ ብው አለች፤ «እንግዲያው ተነሺ!» ብላ ወደ አባቷ ማቅለሚያ ጎተተቻት። ነጠላዬ ነውና እኔም ተከተልኩ። ፒያሳ ስንደርስ አንድ ወያላ «ወይ ጉድ! ሌባዋ የትኛዋ ናት?» ብሎ አሳቀብን።

አባትየው አቶ ሰይድ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሰማያዊ ነው። ሕይወት «አባባ፣ ይህን ውሃ ለምን ወንዝ ውስጥ ይደፉታል?» አለቻቸው።

«የት ልድፋው ልጄ? ቱቦ ዘርጉልን ብለን ለምነን ሰለቸን። ሽታው ደስ ብሎኝ መሰለሽ?»

ሕይወት ወደ ዘይነባ ዞረች። «ከመዝጋት በፊት መድፊያ ስጡን ነው የምትይው።»

«አዎ፣ ይኸው ነው» አለች ዘይነባ፤ እንባዋ መጣ። ቁልቁል ወንዙን አየችና ቀጠለች፦ «አንቺ ደግሞ፣ ታች ያሉ ልጆች ቱቦ እስኪመጣ እየታመሙ አይጠብቁም ነው የምትይው።»

«አዎ።»

አቶ ሰይድ ቆመው ሲሰሙ ነበር። «እስከ ዛሬ ስድብ እንጂ ይህን የነገረኝ የለም» አሉ። ቱቦ እስኪመጣ ውሃውን በበርሜል ሊያጠራቅሙ ቃል ገቡ። እኔም ፈታኋቸው።

አቤቱታው በማግስቱ ገባ። «ይዘጋልን» ወጥቶ «ቱቦ ይዘርጋልን» ተተክቷል። ከፊርማዎቹ ሁሉ በላይ የአቶ ሰይድ አሻራ አለ፤ ቀለሙ ሰማያዊ ነው።

ቱቦው ቆይቶም ቢሆን ተዘረጋ። እኔም ጡረታ እስክወጣ በዚያው ነጠላ ሳስር ኖርኩ። ከባላጋራችሁ «አዎ» የሚለውን ቃል ሳታገኙ ክርክር አትጀምሩ።