መኪና ባዶ ሆዷን አትወጣም

የእህቴን ባል ማማት የፈለገ ሰው እኔ ፊት ባያማው ይሻለዋል። ማማት ካስፈለገ እኔው አለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ እሱ መኪና ሥር ተጋድሞ፣ እኔ የመለዋወጫ መጋዘኑ መስኮት ላይ ተቀምጬ ስንነታረክ ኖረናል። ሌላው ምኑን ያውቃል?

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጆሮ» ነው የሚባለው። ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ ይለጥፍና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ሦስተኛው ቫልቭ ነው» ይላል። ሲፈታ፣ እውነትም ሦስተኛው ቫልቭ። ከሌላ ከተማ ድረስ መኪና የሚያመጡለት ነበሩ። ሚስቱ፣ ታላቅ እህቴ ግን «መኪና ሲያስነጥሳት ከሩቅ ይሰማል፤ እኔ ከጓዳ ስጠራው ደንቆሮ ነው» እያለች ትስቅበት ነበር።

በኋላ እነዚህ ግድግዳ ላይ ተሰክተው የሚሞሉ ሃይብሪዶች መጡ። ባትሪም አላቸው፣ ቤንዚንም አላቸው፤ ባትሪው ሲያልቅ የቤንዚኑ ሞተር ተነስቶ ይቀበለዋል። በባትሪ ሲሄዱ ድምፅ የላቸውም፣ አጠገብህ ደርሰው ነው የምታያቸው። ጆሮ መጀመሪያ አኮረፈ። «ይሄ መኪና አይደለም፣ ፍሪጅ ነው» አለ። ግን ሰነፍ ሰው አይደለም፤ በሃምሳ አራት ዓመቱ መነጽሩን ሰክቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና ተማረ።

አንድ ልማድም አመጣ። ሃይብሪድ ሲገባለት ገና ችግሩን ሳይጠይቅ ቻርጅ ላይ ይሰካዋል፤ የሚሞክረውም ባትሪው ጢም ካለ በኋላ ነው። «መኪና ከእኔ ቤት ባዶ ሆዷን አትወጣም» ይላል። ደንበኛው ደስ ይለዋል፣ እኛም እንኮራበት ነበር። ደግነቱ ጉድ ያመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

እሱና እህቴ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ የሒሳብ አስተማሪ። ትምህርት ቤቷ ከተማው ጫፍ ላይ ነው። ያገለገለች ሃይብሪድ ስትገዛ የመረጠላትም አባቷ ነው። አራት ወር እንደነዳቻት አንድ ቀን ጋራዥ መጣች።

«አባዬ፣ ይቺ መኪና ዳገት ላይ ከዳችኝ።»

«እንዴት አድርጋ?»

«ቤንዚን እሰጣለሁ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን አትሄድም። ከሥራ ስመለስ፣ የውኃ ታንከሩ ዳገት ላይ። ትንሽ ቆሜ ስነሳ ደግሞ ትሄዳለች።»

ሰካት። በማግስቱ የውኃ ታንከሩን ዳገት ወጣባት፤ እንደ ፍየል ዘለለችው። ኮምፒውተሩም ምንም አላለም። ተመልሶ ቁልፉን ሰጣትና «መኪናሽ ጤነኛ ናት። እግርሽ ነው» አላት። ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ፣ አፌን በቆረጠው፣ ከመስኮቴ ብቅ ብዬ «ምን ታድርግ፣ አባቷ እግሩን አላወረሳት!» አልኩ። እሷም ሳቀች፤ ግን ፊቷ ቀልቶ ነበር።

በወሩ ተመልሳ መጣች። ሰካት፣ ሞከራት፣ ምንም የለም። ሦስተኛ መጣች። ሰካት፣ ሞከራት፣ ምንም። ሦስቱንም ጊዜ «ከሥራ ስመለስ» ብላለች። ሁላችንም በጆሯችን ሰምተናል። ከሥራ የሚመለስ መኪና ባትሪው አልቆ እንደሚመለስ እኔ የመጋዘን ሠራተኛዋ እንኳ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አንዳችንም አልመጣልንም።

ከዚያ ወዲያ ተወችው። ዳገቱን ትታ በዙሪያው መሄድ ጀመረች፤ ግማሽ ሰዓት ይጨምርባታል። ለምን ትዞሪያለሽ ሲሏት «እግሬ ነው፣ ዳገት አልችልበትም» ትላለች። አስተማሪ ልጅ፣ በራሷ ላይ እንደዚያ መቀለድ ለመደች።

እህቴ አስም ነበረባት። አንድ ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተነሳባት፤ በአፍ የምትረጨው መድኃኒት እምቢ አለ። ልጅቷ ገና ከሥራ መግባቷ ነው፣ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። እናቷን ደግፋ መኪና ውስጥ አስገባቻትና በረረች። ሆስፒታሉ ዳገቱ አናት ላይ ነው፤ ከቤታቸው በኩልም አቀበት ነው። በዙሪያው ልሂድ ብትል ጊዜ የለም። በዳገቱ ወጣች።

ታንከሩ ጋ ሳይደርሱ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ቆመች። ከኋላ ክላክስ በክላክስ ሆነ። ረገጠችው፣ ለቀቀችው፣ ደግማ ረገጠችው። በመጨረሻ አንድ ዳቦ አከፋፋይ መኪናውን አቁሞ ሮጦ መጣና እናቷን ተሸክሞ በራሱ መኪና አደረሳቸው። ሃያ ደቂቃ አልፎ ነበር። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ» አለ። ምን ነበር ያንን ሳይናገር ቢቀር! እህቴ በዚያው ቀረች።

ከቀብሩ በኋላ ልጅቷ እኔ ጭን ላይ ራሷን ጥላ «አክስቴ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት» አለችኝ። «አባዬ ነግሮኝ ነበር። እግሬ ነው። ደንግጬ አረጋገጤ ጠፋኝ።» ፀጉሯን እየደባበስኩ አለቀስኩ። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷታል፤ ተመልሶ ወጣ።

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገብታ ጥግ ላይ ቆመች። አሥራ አንድ ቀን የነካት የለም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጆሮ መጣ። እንደ ልማዱ የቻርጁን ገመድ አንስቶ ሊሰካ ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። ዞሮ አየኝ።

«ከሥራ ስመለስ ነው ያለችው፣ አይደል?»

«አዎ።»

ገመዱን ጣለውና «ነይ ግቢ» አለኝ።

ባትሪዋ ባዶ እንደሆነ ዳገቱን ወጣን። ልክ እዚያው ስንደርስ ሞተሩ እሪ አለ፣ መኪናዋ ተኛች። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና ካቻቢቴውን ተክሎ ጆሮውን ለጠፈ። እኔን «ቤንዚን ስጫት» አለኝ፤ ሰጠኋት። ብዙ አልቆየም። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ፍሪሲዮኑ ነው። ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው። ይሽከረከራል እንጂ አይዝም።»

«ታዲያ አንተ ስትነዳት እንዴት ሄደች?»

«ባትሪ ካላት ሞተሩን ምን ትፈልገዋለች? ሦስቴ አጥግቤ ሞከርኳት። አንድ ቀን እንኳ ርቧት አላየኋትም።» ከዚያ መሪው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

እኔ ክፉ ሴት ልባል እንጂ የመጣልኝን ነገርኩት። «አትንገራት» አልኩት። «ፍሪሲዮኑን ቀይረው፣ ከእኔና ከአንተ ሌላ የሚያውቅ የለም። እሷ ልጅ ናት፣ ቀን ሲያልፍ ይረሳታል። ይሄን ከሰማች ግን ታጣሃለች። ከአንተ ሌላ ማን አላት? ሆድ ይፍጀው።»

«እናቴን ገደልኩ ብላ ትኑር?»

«አንተን ካጣችስ?»

«እኔን ትጣ» አለኝ።

ያን ዕለት አብሬው ቤት ገባሁ። ልጅቷ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የተማሪ ደብተር ታርማለች። እሱ የሥራ ቱታውን እንኳ አላወለቀም፤ ፊቷ ቆመ።

«እግርሽ አልነበረም፣ ልጄ።»

ሁሉንም ነገራት። ምንም አላስቀረም፣ ምንም አላሳመረም። እሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችው።

«ስንቴ ነገርኩህ?»

«ሦስቴ።»

«ስቀህብኛል።»

«አዎ።» እኔም መሳቄን ታውቃለች፤ ግን ወደ እኔ አልዞረችም። ብትዞር ይሻለኝ ነበር።

ደብተሩን ዘጋችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እማዬ እዚያ ዳገት ላይ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?» አለችው። «ትንፋሽ እያጠራት ነው። ‹አይዞሽ፣ ለአባትሽ ንገሪው፤ መኪናዋን እሱ ይሰማታል› አለችኝ። ነግሬዋለሁ ልላት አፈርኩ። እሺ አልኳት።»

ጆሮ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተቀመጠ። እኔ ውኃ ላምጣ ብዬ ተነሳሁና ምን ልወስድ እንደተነሳሁ ጠፍቶኝ እዚያው ቆምኩ።

በሳምንቱ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ቤት ተከራይታ ወጣች። ፍሪሲዮኑን ቀይሮ ቁልፉን በእኔ በኩል ላከላት፤ ተቀበለችኝ። ከእኔ ጋር አሁን በስልክ እናወራለን። የእሱን ስልክ አታነሳም። ስምንት ወር ሆነ።

ጆሮ ሥራውን አልተወም። አሁን ሃይብሪድ ሲገባ አይሰካም፤ ባትሪው እስኪያልቅ ይነዳና ባዶ ሆዱን ዳገት ያወጣዋል። ደንበኞች «ድሮ ሞልተህ ትሰጠን ነበር፣ ምነው ሰሰትክ?» ይሉታል። እኔ ነኝ ከመስኮቴ የምቆጣቸው።

ልጅቷ በዙሪያው መሄዱን ትታለች። በጋራዡ በር አልፋ በዳገቱ ነው ወደ ቤቷ የምትመለሰው። ከአሥር ሰዓት በኋላ ጆሮ መኪና ሥር ተጋድሞ ሳለ ድንገት እጁ ይቆማል። እኔ ምንም አልሰማም፤ መንገዱ በታክሲና በሞተር ብስክሌት የተሞላ ነው። «እሷ ናት» ይለኛል። ቀና ብዬ ሳይ እውነትም እሷ ናት፤ መሪዋን ይዛ ፊት ለፊቷን እያየች።

ትናንትም አለፈች።

«አልቆመችም» አልኩት።

«ሰማሁ» አለኝ ከመኪናው ሥር።