የዳንሰኞቹ ስም ዝርዝር

ባለፈው ሳምንት በክፍላችን አንድ ባዶ ወረቀት ዞረ። በጡረታዬ ኮሌጅ ገብቼ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ፤ አብረውኝ የሚማሩት የልጅ ልጆቼ እኩያ ናቸው። ወረቀቱ በኮሌጁ በዓል ላይ የሚጨፍሩትን ለመመዝገብ ነበር። «ማዘር፣ የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል፤ የሁላችንንም ስም ይጻፉልን» አለችኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ። እስክሪብቶውን ስቀበል ሌላ የስም ዝርዝር ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ጅማ ከተማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ ስድስት ሴቶችና አምስት ወንዶች ሆነን ጥንድ ዳንስ እንለማመድ ነበር። ስዊንግ ይባላል፤ ወንዱ የሴቷን እጅ ይዞ ያሽከረክራታል፣ ይለቃታል፣ መልሶ ይስባታል። አንዷ ሁልጊዜ ቆማ ታጨበጭባለች። የምንጨፍረው እሁድ ከሰዓት፣ የጓደኛችን የናስር አባት በሚጠብቁት የቡና መጋዘን ውስጥ ነበር። ወለሉ ሸካራ ሲሚንቶ ስለሆነ ጫማችን እንዲንሸራተት የቡና ገለፈት እንበትንበታለን። የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የቴፑ ድምፅ ይጠፋል፤ ያኔ ናስር እየጮኸ ይቆጥርልናል።

ናስር አጣማጄ ነበር። «ኧረ ምሰሶ ሆንሽ እኮ! ወላሂ፣ ከጆንያ ጋር ብጨፍር ይሻለኛል» ይለኛል። «ጆንያው እግሬን ረገጥከኝ ብሎ ስለማይጮህብህ ነው» ስለው ሁሉም ይስቃል። በዚያ ዘመን እንዲያ ድምፅ አውጥተን የምንስቅበት ሌላ ቦታ አልነበረንም።

አንድ እሁድ የቀበሌው ሊቀመንበር መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆመው አገኘናቸው። ደነገጥን። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። «ጎበዞች! የኪነት ቡድን እናቋቁማለን፤ ሸቤ ከተማ ሄዳችሁ ትርኢት ታሳያላችሁ። ስምና ዕድሜያችሁን ጽፋችሁ አምጡ።»

መጻፉ ለእኔ ተሰጠኝ። ወረቀቱን በማስመሪያ አሰመርኩት። ናስር ጎንበስ ብሎ «የእኔን አስራ ስምንት በዪው፤ ልጅ ነህ ብለው እንዳያስቀሩኝ» አለኝ። አስራ ስድስት እንደሆነ አውቃለሁ። ላስደስተው ብዬ አስራ ስምንት ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አይተው «እንዲህ ነው ሥራ!» ሲሉኝ እንዴት እንደኮራሁ አሁንም ያሳፍረኛል።

በሳምንቱ ጠዋት ቀበሌው በር ላይ የጭነት መኪና ቆሞ ጠበቀን። «መጀመሪያ ወንዶቹ፤ ሴቶቹ በሁለተኛው ዙር» ተባለ። ናስር ጫማውን ወልውሎ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ከላይ ሆኖ «ሸቤ እንገናኝ! እስከዚያ ከጆንያው ጋር ተለማመጂ» አለኝ።

መኪናው ወደ ሸቤ አልታጠፈም። በአዲስ አበባ መንገድ ሄደ።

«መንገድ ሳቱ እንዴ?» አለች አንዷ ጓደኛችን።

ለውትድርና ነበር የተወሰዱት። የናስር እናት ልጃቸው ገና አስራ ስድስት ዓመቱ እንደሆነ ሊያስረዱ ቀበሌ ቢሄዱ፣ «ወረቀቱ አስራ ስምንት ይላል» ተባሉ። ወደ እኔ መጥተው «ልጄ፣ እንዲያ ብሎ የጻፈው ማነው?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው።

ትከሻዬን ዳብሰው ሄዱ። ናስር ከሰሜን ጦር ግንባር አልተመለሰም። እናቱም እውነቱን ሳልነግራቸው ሞቱ። ብዙ ጊዜ ራሴን «ልጅ ነበርሽ፣ አታለሉሽ» እለዋለሁ። ስለ ወረቀቱ ይህ ልክ ነው። «አላውቅም» ያልኩት ግን ማንም አታልሎኝ አይደለም።

«ማዘር፣ ምነው?» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪ። በመጀመሪያው መስመር የራሴን ስም ብቻ ጽፌ ወረቀቱን መለስኩላት። «እያንዳንዳችሁ በገዛ እጃችሁ ጻፉ» አልኳት።

«ዳንስ ይችላሉ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ድሮ እጨፍር እንደነበር ስነግራት፣ «ከማን ጋር ነበር የሚጨፍሩት?» አለችኝ።

ነገርኳት፤ ስለ ወረቀቱም፣ ስለ ናስርም። ስንት ዓመቱ እንደነበር ስትጠይቀኝ፣ አስራ ስድስት አልኳት።