ስምህን ተናገር

ያን ሰኔ፣ ቀን ቀን ተማሪ ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ማታ መካነ ኢየሱስ ከተማ በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ ላይ ፀጉሬን እነጫለሁ። ርዕሱን አማካሪዬ ሦስት ጊዜ አስለውጦኝ በመጨረሻ የጸናው «የሴቶች ጭቆናና የአእምሮ ሕመም በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጫጭር ልቦለዶች» የሚል ነበር። ባሕር ማዶ ስለኖሩ፣ ባሎቻቸው አንዴ «ታማለች» ካሉ በኋላ የሚናገሩት ሁሉ የሕመም ምልክት ስለሆነባቸው ሴቶች ሰባ ገጽ ጽፌያለሁ። አማካሪዬ በስልክ የላከልኝ አስተያየት ግን አንዲት መስመር ናት፦ «ይህ ከእኛ ሀገር ጋር ምን ያገናኘዋል?»

በገንኩ። ሰባ ገጽ አንብቦ ይህን ይጠይቀኛል! መልስ ስፈልግ የታናሽ እህቴ ባል ደወለ።

«እህትሽን ክፉ ነገር ይዟታል። ጠበል ልናስገባት ነውና ነይ» አለኝ።

እህቴ ያገባችው ስማዳ ወረዳ፣ ከወገዳ ከተማ ወዲያ ነው። ሦስተኛ ሴት ልጇን ከወለደች ሦስት ወር ሊሞላት ነበር። መቼ እንደጀመራት ብጠይቀው፣ ከወለደች ከወር በኋላ እንቅልፍ አጣች፣ ግድግዳ ላይ ታፈጣለች፣ ልጅቷን ሲሰጧት አትቀበልም አለኝ።

«እና እስካሁን ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ክርስትናውን ነዋ! ሰማንያ ቀን ሳይሞላት እንዴት ቤተ ክርስቲያን ትገባለች?»

«ለሐኪም ቤት እኮ ሰማንያ ቀን አይጠበቅም!»

«ሐኪም ቤት ምን ሊያደርግላት?» አለና ዘጋው።

ጽሑፌን ከነደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተነሣሁ፤ የማስረከቢያው ቀን ደርሶ ስለነበር ጥዬው መሄድ አልቻልኩም። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪናችን ሁለት ጊዜ ተቀርቅሮ ወርደን ገፋን። ጠበሉ ቦታ ስደርስ እህቴ ነጠላ ተከናንባ ጠበልተኞች የሚያርፉበት ጎጆ ደጃፍ ተቀምጣለች። ክንዷን ብይዛት አጥንት ብቻ ነው። ልጅቷን ያዘሉት አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ናቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ባሏና አንድ ዘመዱ ግራና ቀኝ ይዘው ጠበሉ ሥር አቆሟት። አጥማቂው አባ ያረጁ ቄስ ናቸው፤ መስቀላቸውን ይዘው ጸሎታቸውን ያደርሳሉ። ውኃው ሲወርድባት እህቴ ጮኸች። የሰኔ ጠበል በረዶ ነው፤ ማንስ ቢሆን ይጮኻል። አማቷ ግን ልጅቷን እንዳዘሉ ጠጋ አሉና መጠየቅ ጀመሩ።

«ማነህ? ስምህን ተናገር!»

እህቴ ስሟን ተናገረች። የራሷን ስም፣ ከነአባቷ ስም፣ ድሮ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ እንደምታደርገው ጥርት አድርጋ።

«አያችሁልኝ? በስሟ ተሸሽጎ!» አለ ባሏ።

«በምን ያዝካት? ተናገር!» አሉ አማቷ።

«አልተኛሁም» አለች እህቴ። «ከወለድኩ ጀምሮ አልተኛሁም። ሃያ ቀን ሳይሞላኝ ከአራስ ቤት አስነሥታችሁ ለሠርጋችሁ ጠላ አስጠመቃችሁኝ። አሁንም ሴት ወለድሽ ብላችሁ ፊት ነሣችሁኝ። እናቴ ቤት ውሰዱኝ፣ ልተኛ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

የቆመው ሰው ሁሉ አማተበ።

«ወይ ጉድ! እንዴት አድርጎ ይዋሻል!» አሉ አማቷ።

ጠላው ውሸት እንዳልሆነ እኔ ምስክር ነኝ። የባሏ ወንድም ሠርግ ላይ ነበርኩ፤ ሁለት ጣሳ ጠጥቻለሁ። ያን ቀን እህቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ደህና ነኝ» ብትለኝ፣ ጣሳዬን እንደያዝኩ እሺ ብዬ አልፌያታለሁ።

አሁንስ ምን አደረግሁ? ደብተሬን አወጣሁ። የተናገረችውን ቃል በቃል ጻፍኩት። ለአማካሪዬ ጥያቄ መልሱ ይኸው ከፊቴ ቆሞ ነበራ! ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ደስ አለኝ።

በሁለተኛውም ቀን ያንኑ ጠየቋት፣ ያንኑ መለሰች። እኔም ያንኑ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ውኃው ሲወርድባት አልጮኸችም። ስሟን ሲጠይቋት ዝም አለች፤ በምን ያዝካት ሲሉም ዝም። ሴቶቹ እልል አሉ። ባሏ ፊቱ በርቶ ወደ እኔ መጣ።

«ለቀቃት! ነገ ወደ ቤታችን ነው። የገብስ ዘር ደርሷል፣ ለአራሾቹ ምሳ የሚያወጣ ሰው የለኝም።»

«አልዳነችም እኮ! ሐኪም ቤት እንውሰዳት፣ ከዚያ እናታችን ቤት ትረፍ።»

«አሁንማ ዝም ብላለች፣ ምን አላት?» ብሎኝ እርፍ።

እሱንም አማቷንም እስኪመሽ ለመንኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ደሜ ፈልቶ በማለዳ አባ ዘንድ ሄድኩ። ፀሐይ እየሞቁ ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር።

«አባ፣ እንዴት ዝም ብለው ያያሉ? የተናገረችው እኮ ራሷ ናት!»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ።

«ያውቃሉ?»

«ያረጀሁት ክፉ መንፈስ ሲለፈልፍ እየሰማሁ ነው። ይህ የደከመ ሰው ቃል ነው። ትጠመቅ፣ ሐኪም ቤትም ትሂድ፤ ሁለቱንም የሰጠ አንድ እግዚአብሔር ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«መች ጠየቁኝ?»

ቄስ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮኽኩ። «ሳይጠየቁ መናገር ኃጢአት ነው?»

አባ አልተቆጡም። ዳዊታቸውን አጥፈው በብብቴ የያዝኩትን ደብተር አዩት።

«አይደለም፣ ጥፋት አለብኝ» አሉ። «አንቺስ? እህቷ አይደለሽም? ሁለት ቀን ሙሉ ስትጽፊ አይቼሻለሁ። ምን ብለሽ መለስሽላት?»

ምንም አላልኳትም። አንድ ቀን እንኳ ጠጋ ብዬ «ሰምቼሻለሁ» አላልኳትም። የሞቱ ሴቶችን ቃል ሰባ ገጽ ሙሉ የተነተንኩ ሰው፣ ለእህቴ አንዲት ቃል አጣሁላት።

አባ በትራቸውን አንሥተው ወጡና ባሏን ጠሩት። «ሐኪም ቤት ውሰዳት፤ ከዚያ እናቷ ዘንድ ትረፍ» አሉት። እሱም ጉልበታቸውን ስሞ እሺ አለ። እኔ እስኪመሽ ስጨቃጨቅበት የዋልኩት ነገር በአንድ እስትንፋስ አለቀ! ልስቅ ነበር፣ እንባዬ ቀደመኝ።

እህቴ ዘንድ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ሰምቼሻለሁ። እናታችን ቤት እንሄዳለን፣ ትተኛለሽ» አልኳት። አልመለሰችልኝም። ሁለት ቀን ተናግራ ጨርሳለቻ።

ሐኪም ቤት አራታችንም ገባን፤ እህቴ፣ ባሏ፣ ልጅቷን ያዘሉት አማቷና እኔ። የአእምሮ ጤና ባለሙያዋ ወጣት ናት። ባዶ ካርድ አወጣችና እህቴን እያየች «ስምሽ ማን ነው?» አለቻት።

ባሏ አፉን ከፈተ። አማቷም ከፈቱ። እኔም፣ ያን ሁሉ ካየሁ በኋላ እንኳ፣ ስሟን ልናገርላት ከንፈሬን አላቅቄ ነበር። ባለሙያዋ እጇን አንሥታ ሦስታችንንም ዝም አሰኘችን። «እሷን ነው የጠየቅሁት» አለች።

እህቴ መጀመሪያ አማቷን አየቻቸው፣ ቀጥሎ ባሏን፣ ቀጥሎ እኔን። ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ስሟን ተናገረች፣ ከነአባቷ ስም።

ባለሙያዋ ቀና ሳትል ካርዱ ላይ ጻፈችው።